ልክክ ያለ ወለል

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ልክክ» ብሎ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያመጣበት ደግሞ የገዛ አፉ ነው። አንድ ኮት ሰፍቶ ለደንበኛው ካለበሰ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፤ ከዚያ «ልክክ!» ይላል። ይህን ካለ አለቀ። ደንበኛው ከዚያ ወዲያ ቢተነፍስም ባይተነፍስም የራሱ ጉዳይ ነው።

እውነቱን ለመናገር መተንፈስ የሚቸግራቸው አልጠፉም። ልክክ ሰው የሚለካው ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ሆድ አስገብቶ ነው፤ መቀሱን የሚያነሳውም ለዚያ ለቆመው ሰው ነው። ሰውዬው ኮቱን ለብሶ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ምሳ እንደሚበላ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እንደሚያስር አያስብለትም። ይህን የምታስብለት ሚስቱ ነበረች። እሷ ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትሰፋለች። ባሏ «ልክክ!» ባለ ቁጥር ከመርፌዋ ቀና ሳትል ደንበኛውን «እስቲ ቁጭ ይበሉ» ትለዋለች። ደንበኛው ቁጭ ይላል። አንዳንዴ ምንም አይሆንም፤ አንዳንዴ ደግሞ ቁልፍ ይፈናጠርና መስታወቱን ቋ ያደርገዋል። እንዲህ በሆነ ቀን ልክክ እስከ ማታ አያናግራትም። እሷም ቁልፉን ከወደቀበት ፈልጋ፣ ስፌቱን ተርትራ፣ ትንሽ ታሰፋዋለች።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ከሱቁ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይገባል። መኝታ ቤቱ ሊሾ ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ ከእነሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ያነጠፉት አሮጌ ጣውላ ነበር። ጣውላውና ሊሾው በሚገናኙበት፣ ልክ በመኝታ ቤቱ በር ስር፣ አንዲት ችግረኛ ጣውላ ነበረች። ሚስማሯ ዝጎ አልቋል፤ ስትረግጣት ትወዛወዛለች፤ ጫፏም ከሌሎቹ ቀና ብሎ የሰው እግር ይጠብቃል። ሚስቱ ስድስት ዓመት ሙሉ «ያቺ ጣውላ!» ስትል፣ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ «ነገ» ሲል ኖሩ። ልክክ ለደንበኛ ነገ ካለ ነገ ነው፤ ነገ ያለው ሱሪ ነገ ተተኩሶ ይሰቀላል። የጣውላዋ ነገ ግን ሌላ ዓይነት ነገ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ልክክ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሳይንቀሳቀስ ወደ ቤት ተጣራ።

«ኮቱን አምጪው! ቶሎ በይ፣ ሰውዬው ቸኩሏል!»

ሚስቱ ከመኝታ ቤት የተተኮሰውን ኮት እንዳይጨማደድ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከፊቷ ያለውን ሳታይ ብቅ አለች። ጣውላዋም ያዘቻት። ልክክ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ ሲደርስ ሚስቱ መሬት ላይ ናት፤ ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል፤ ሁለት እጇ ግን ኮቱን አሁንም ወደ ላይ እንደያዘ ነው። ኮቱ ንክች አላለም። ደንበኛው ለብሶት ሄደ።

ሐኪሞቹ አጥንቷን በብረት ገጠሙላት። ከሆስፒታል ስትወጣ ትልቋ ልጃቸው፣ አስተማሪዋ፣ «እኔ ጋ ታርፋለች» ብላ ወሰደቻት። ለአንድ ወር ነው የተባለው። አንዱ ወር ሁለት ሆነ። ልክክ በየማታው ይደውላል፤ በየማታውም ስለ እግሯ ይጠይቃል፤ በየማታውም «ደህና ነው» ትለዋለች። አንድ ቀን ግን እሷ ጥያቄ ጠየቀች።

«ጣውላዋ እንዴት ናት?»

«አለች» አለ ልክክ።

«እኔም እዚህ አለሁ» አለችና ስልኩን ለልጇ ሰጠቻት።

ልጅቷ የአባቷን ልብ ላለመስበር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። ለእማዬ ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። እዚህ ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ደረጃ የለም፣ እንደልቧ ነው የምትሄደው። እኔ ትቅርልኝ ባይ ነኝ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ወለሉን ታየዋለች። እግሬ ከወደደው እቀራለሁ፣ ካልወደደው ሻንጣዬ ከመኪናው አይወርድም ብላለች። በቃ፣ ያለችው ይሄንን ነው።»

ልክክ ስልኩን ዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሚስቱ ብዙ ጊዜ ተቆጥታዋለች፣ ሁለት ጊዜ ሳህን ሰብራበታለች፤ እንዲህ በእርጋታ ተናግራው ግን አታውቅም። ፈራ። ቁጣ ቢሆን ያበርዳት ነበር። ይህ ግን ተለክቶ የተቆረጠ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ከማንም በላይ የተቆረጠ ነገር እንደማይቀጠል ያውቃል።

በማግስቱ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂው፣ ነገሩን ሰምቶ መጣ። ይህ ሰው ካልቀለደ የሚታመም ዓይነት ነው።

«አንድ የወለል ሠራተኛ አውቃለሁ ጋሼ፣ በሁለት ቀን ጨርሶልህ ይሄዳል» አለ።

«ራሴ እሠራዋለሁ።»

«ወለል እኮ ሱሪ አይደለም።»

«ሁለቱም በልክ ነው የሚቆረጡት» አለ ልክክ። ከዚያም ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እኔ ያቆየሁትን ሌላ ሰው ቢሠራው፣ እህትህ አሠራው እንጂ ሠራው አትልም» አለ። ታክሲ ነጂው የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ሁለቱ ሆነው ፓርኬ ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ ትሁት ሰው ነበር፤ እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን የፓርኬ ዓይነት አወጣ፣ ከስሩ የሚነጠፈውን ስስ ስፖንጅ ቆረጠ፣ የግድግዳውን ግርጌ ዙሪያውን የሚሸፍነውን ቀጭን እንጨት፣ ዞኮሎ የሚሉትን፣ አሰረላቸው። ሲሸኛቸው ሁለት ምክር ሰጠ።

«አባቴ፣ ፓርኬውን ከማንጠፍዎ በፊት ሁለት ቀን ክፍሉ ውስጥ ያሳድሩት፤ ቤቱን ይልመደው። ሲያነጥፉ ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ከግድግዳው አንድ ጣት ይተዉ። ዞኮሎው ይሸፍነዋል፣ አይታይም።»

የመጀመሪያውን ምክር ልክክ እሺ አለ። ሁለተኛውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። መኪና ውስጥ ገብተው እስኪዘጋ ነው የታገሰው።

«አንድ ጣት ይተዉ! ሠላሳ አምስት ዓመት መቀስ ይዤ፣ አንድ ጣት ይተዉ! ይሄ መቁረጥ ለማይችል ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። አበላሽቶ በዞኮሎ የሚሸፍን ሰው አለ፤ እኔን ከእሱ ጋር ቆጠረኝ።»

«ሰውዬው ለሁሉም የሚለው ነው ጋሼ።»

«ታዲያ እኔ ሁሉም ነኝ?»

ነቀላው ቀላል ነበር። አሮጌዎቹ ጣውላዎች መዶሻና ጉጠት ሲያዩ ተነስ ሳይባሉ የሚነሱ ሆኑ። ልክክ ከሱቁ በኩል ጀምሮ እየነቀለ፣ እየደረደረ፣ ሚስማሩን በቆርቆሮ እያጠራቀመ ወደ መኝታ ቤቱ በር ገፋ። ያቺን ጣውላ ለመጨረሻ አቆያት። ጉጠቱን ከስሯ አስገብቶ ቀና ሲያደርጋት፣ የጠበቀው አቧራና ባዶ ቦታ ነበር።

ከስሯ ያገኘው ጨርቅ ነው። እዚህም እዚያም የተጠቀጠቀ ሳይሆን፣ እየታጠፈ እየታጠፈ የጣት ያህል ውፍረት ይዞ፣ ጠርዝ ጠርዙ በመርፌ የተሰፋ ትንንሽ ትራስ የሚመስል ነገር። አንዱን አወጣ። ሌላ አለ። ሌላም አለ። ጣውላዋ እንዳትወዛወዝ ከስሯ የተሸጎጡ ናቸው። ከላይ ያሉት ጠንካራ ናቸው፤ ከታች ያሉት ተረግጠው ተረግጠው እንደ ካርቶን ተጠፍጥፈዋል። ቆጠራቸው፤ ዘጠኝ ናቸው።

ልክክ ጨርቅ አይቶ አይረሳም። ይህ ግራጫ የባንኩ ዘበኛ ኮት ቁራጭ ነው፤ ያ አምና ነው። ይህ ሰማያዊ የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ነው፤ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ይህ ባለመስመሩ የልጁ ሠርግ ጊዜ ለራሱ የሰፋው ሱሪ ትርፍ ነው። ከታች፣ ቀለሙ የጠፋው ቡናማ፣ ስድስት ዓመት ሞላው። እሱ ነገ ባለ ቁጥር እሷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ቁራጭ ለቅማ፣ አጥፋ፣ ሰፍታ፣ እሱ ሱቅ እያለ ተንበርክካ ትሸጉጥ ነበር። አንድም ቀን ሠራሁት አላለችውም።  ጉጠቱን ጥሎ ሊሾው ላይ ተቀመጠና፣ ታክሲ ነጂው በሩን ሲያንኳኳ እስኪሰማ ድረስ እዚያው ነበር። ከዚያ ዘጠኙንም አቧራቸውን አራግፎ የልብስ ስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። 

ከዚያ ወዲያ የሠራው እንደ ሰው አይደለም። ከጣውላው ስር የወጣውን ሲሚንቶ በውሃ ልክ እያየ፣ ጉድጓዱን እየሞላ፣ እብጠቱን እየፈቀፈቀ አስተካከለ። እስኪደርቅ ስምንት ቀን ጠበቀ። ፓርኬውን እንደተባለው ሁለት ቀን አሳደረው። ከዚያ ስፖንጁን ዘርግቶ ማንጠፍ ጀመረ። ለመስፋት የሚጠቀምበትን ጠመኔ ከጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የአንገቱን ሜትር ሳያወልቅ፣ በየግድግዳው ጠማማ ላይ መጀመሪያ በወረቀት ቅድ እያወጣ ነው ፓርኬውን የቆረጠው። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ቀጥ አይልም፤ እዚህ ይገባል እዚያ ይወጣል። የልክክ ፓርኬ አብሮ ገባ፣ አብሮ ወጣ። ከግድግዳው ጋር ተሳስሞ፣ በመካከላቸው መርፌ አይገባም። የመጨረሻውን ረድፍ በመዶሻ እየወተወተ አስገባው። ማክሰኞ ዞኮሎውን መትቶ ሲጨርስ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ልክክ!»

«እኔ እዚህ ላይ በካልሲ ካልሆነ አልራመድም» አለ ታክሲ ነጂው። እውነትም ያምር ነበር።

ረቡዕ ዝናብ ጀመረ። ሐሙስም ዘነበ፣ ዓርብም ዘነበ። ልክክ ሱቁ ውስጥ ያደሩበትን ልብሶች ለመጨረስ ተፍ ተፍ ሲል ሳሎኑን ልብ አላለውም። ቤቱ ረጥቧል፤ በሮቹ ሲዘጉ ይጠብቃሉ፤ ያ በየክረምቱ ያለ ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ቤት ሲወጣ እግሩ አንድ ነገር መታ። ጎንበስ ብሎ አየ። ወለሉ ተነስቷል። ከሳሎኑ መሃል ጀምሮ ወደ መኝታ ቤቱ በር የሚሄድ ጉብታ ወጥቶ፣ ልክ በሩ ስር ጫፉ ቀና ብሏል። ሲረግጠው ቁልቁል ይሄዳል፤ እግሩን ሲያነሳ ጧ ብሎ ይመለሳል።  ጣውላዋ በሌላ ልብስ ተመልሳ የመጣች መሰለው።

ታክሲ ነጂውን ጠራው። ታክሲ ነጂው መጥቶ ጉብታው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ወለል አርግዟል።»

«ዝም በል!»

«ምንጣፍ ጣልበት። እህቴ ሳታይ ...»

«እግሯ ያየዋል» አለ ልክክና ወደ ሻጩ ደወለ። ሻጩ በትህትና ሰማውና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ዳር ዳሩን ምን ያህል ተዉ አባቴ?»

ልክክ ዞኮሎውን አየ። «ምንም።»

ሰውዬው ድምፁን ይበልጥ አለሰለሰ። ቢሳደብ ይሻል ነበር። «እንጨት እኮ ነው አባቴ። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ዳሩ ላይ መሄጃ ካጣ ወደ ላይ ይነሳል። ለዚያ ነው አንድ ጣት ያልኩዎት። ይተነፍሳል።»

ልክክ ስልኩን ዘግቶ ወለሉን ሲያይ ቆየ። እሱ ክፍሉን የለካው እንደ ደንበኞቹ አቁሞ፣ ሆዱን አስገብቶ ነው። ዝናብ እንደሚዘንብ፣ ወለሉም ቤት ውስጥ ቁጭ እንደሚል አላሰበም። ሚስቱ በጥግ ወንበሯ ላይ ብትኖር ኖሮ፣ መርፌዋን ሳታስቀምጥ የምትለውን ያውቀዋል። ጆሮው ላይ ደወለለት፤ «እስቲ ቁጭ ይበሉ።»

ሰዓቱን አየ። ሁለት ከሩብ ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ስልኩን እንደገና አንስቶ የልጁን ቁጥር ፈለገ። የሚለው አጭር ነው፤ ነገ ኑ፤ አንድ ቀን ብቻ፤ ነገ። ቃሉ ከአፉ ሊወጣ ሲል ስፌት መኪናው ላይ የተደረደሩትን ዘጠኝ ጨርቆች አየና ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«ከፈለግህ» አለ ታክሲ ነጂው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ፣ «ጎማ ፈነዳብኝ ብዬ አቆያቸዋለሁ። እስከ ማታ የሚፈነዳ ጎማ አለኝ።»

«የለም። በሰዓቱ አምጣት። አሁን ጉጠቱን አቀብለኝ።»

ዞኮሎውን ነቀሉ። ከዚያ ልክክ ትርተራ ጀመረ። ልብስ መተርተር ጠልቶ የኖረ ሰው ነው፤ ያ የሚስቱ ሥራ ነበር። አሁን ሃያ ስድስት ረድፍ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየፈታ፣ በእያንዳንዱ ፓርኬ ጀርባ ላይ በጠመኔ ቁጥር እየጻፈ፣ ሱቁ ውስጥ ደረደረ። ከየረድፉ ጫፍ በመጋዝ ቆረጠ። ወረቀት በወረቀት ያወጣው ያ ሁሉ ቅድ፣ ያ ሁሉ ገብቶ መውጣት ወደቀ። ስድስት ሰዓት ላይ እንደገና ማንጠፍ ጀመረ። ስምንት ሰዓት ላይ ታክሲ ነጂው ልብሱን አራግፎ እህቱን ሊያመጣ ሄደ።

ብቻውን ሲቀር ሥራው እምቢ አለው። ከግድግዳው አንድ ጣት ትቶ ያስቀምጠዋል፤ ቀጣዩን ረድፍ ለማቆላለፍ በመዶሻ ሲመታው የመጀመሪያው ተንሸራትቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በጣቱ ይዞ ሲመታ ጣቱን መታ። መልሶ ጎተተው፤ መልሶ ተለጠፈ። ላቡ ፓርኬው ላይ እየተንጠባጠበ ተንበርክኮ ሳለ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ።

ልጁ ቀድማ ገብታ ወለሉን አየች። ግማሹ ፓርኬ፣ ግማሹ ስፖንጅ፤ አባቷ መሃል ላይ ተንበርክኮ፣ ሜትር አንገቱ ላይ፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ፣ መዶሻ እጁ ላይ። «ኧረ አባዬ!» አለችና አፏን ያዘች። ከኋላዋ ሚስቱ በምርኩዝ ተደግፋ መጣች። ከስታለች። ታክሲ ነጂው ከውጭ ቀረ። ሻንጣው መኪናው ውስጥ ነው።

 ልክክ እንደተንበረከከ ነገራት።

«ጨርሼው ነበር። ማክሰኞ ጨርሼው ነበር። ዳሩን አንድ ጣት ተው ብሎኛል የፓርኬው ሻጭ፣ እኔ ግን አልተውኩም። ከግድግዳ ግድግዳ ልክክ አደረግሁት። ተነፋ። እዚያው በሩ ስር ተነሳ።»

ሚስቱ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «ወንበር ስጪኝ» አለች ልጇን። ልጅቷ የሱቁን ወንበር በሩ ላይ አደረገችላት። ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠችና ክፍሉንም ሱቁንም ቃኘች። ዓይኗ ስፌት መኪናው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እነዚያን ማን አወጣቸው?»

«እኔ። ዘጠኝ ናቸው» አለ ልክክ።  «ዘጠኝ ጊዜ» አለ ብቻ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ልጅቷ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

«አሥራ አንድ ነበሩ» አለች ሚስቱ። «ሁለቱን አይጥ ወስዷቸው ይሆናል። ደህና ጨርቅ ነበሩ።»

ልክክ ሳቀም አለቀሰም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። እሷ ፊቱን እስኪጠርግ ጠበቀችው።

«አሁን ምን ቸገረህ?»

«ይሸሻል። ስመታው ይሸሽና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።»

«ውፍረታቸው ምን ያህል ነው?» አለች በአገጯ ወደ ጨርቆቹ እያመለከተች።

ልክክ አንዱን አንስቶ በጣቱ ለካው። አንድ ጣት ነው። ሌላውንም ለካ። ከላይ ያሉት ሁሉ አንድ ጣት ናቸው። ግራጫውን በግድግዳውና በፓርኬው መካከል ሸጎጠው፤ ሰማያዊውን ከእሱ ቀጥሎ፤ ባለመስመሩን በማዕዘኑ። በመዶሻ ሲመታው ፓርኬው ጨርቁን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሥራው ሮጠ። እሱ ያነጥፋል፣ ልጁ ቁጥሩን እያነበበች ታቀብላለች፣ ታክሲ ነጂው ከውጭ ገብቶ የቀረውን ይቆርጣል፣ ሚስቱ ከወንበሯ ሆና ታዝዛለች። «ግራጫውን ወደዚያ ሳበው። እሱ ጠማማ ነው። አይ፣ በጣም አታጥብቀው!» ልክክ በሕይወቱ ያን ያህል ትእዛዝ ያለ ክርክር ተቀብሎ አያውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የመጨረሻው ረድፍ ገባ፤ መኝታ ቤቱ በር ስር ያለችውም ደፍ ተገጠመች። ልክክ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ከዳሩ አውጥቶ፣ ዞኮሎውን መትቶ፣ ተነሳ። እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አፉን ከፈተ፤ ሚስቱን አየና መልሶ ዘጋው።

«እስቲ ልቁም» አለች እሷ።

ልጅቷ ልትደግፋት ስትል በእጇ ከለከለቻት። ምርኩዟን ተክላ ተነሳች። ከሱቁ በር ወደ መኝታ ቤቱ በር ቀስ እያለች ሄደች። ምርኩዙ፣ ደህናው እግር፣ የተሰበረው እግር። ወለሉ ዝም አለ። ልክክ ከጎኗ ሳይሆን ከኋላዋ ተከተላት። ልጅቷ መኪናው ወደ ቆመበት፣ ወደ ሻንጣው በኩል አየች።

በሩ ስር ስትደርስ ሚስቱ የተሰበረውን እግሯን ከፍ አደረገች። የሌለ ነገር እንደምትሻገር፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጣቶቿን ወደ ላይ ሰብስባ፣ አየር ላይ አሻግራ ከዚያ ማዶ አሳረፈችው። ቀጥላ ሌላውንም እንደዚያው። ከዚያ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆመች።

ልክክ ይህን አይቶ አያውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ እግሯን አንስታ እንዳለፈች፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሰው ሲለካ አላየም። ጨርቆቹን መቁጠር ችሎ ነበር። ይሄ አይቆጠርም።

«ለምን አነሳሽው?» አለ። «የለችም እኮ። ነቅዬ ጣልኳት።»

ሚስቱ ዞራ ደፉን አየች፤ ከዚያ እግሯን አየች። ሳታውቀው ያደረገችው ነገር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ።

«እግሬ መች ሰማ» አለች። «ነገ ይሰማ ይሆናል። በል፣ ሻንጣዬን አምጣልኝ።»

ልክክ መዶሻውን እንደያዘ ወደ መኪናው ሮጠ።